የቀጨኔ መንደርና የጠቢባን ታሪክ



በተራራ ወገብ ላይ የተቆረቆረች መንደር ከሩቅ ለሚመለከታት ሰው ውብ ሆና ትታያለች። የሚመለከተው ሰው አየሩን ያደንቃል፤ የሚኖርባት ሰው ግን ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ፣ እንጨቱን በምን እንደሚሸከም፣ የሠራውን ዕቃ ወዴት ወስዶ እንደሚሸጥ ያስባል። ስለዚህ መንደርን ማየትና በመንደር መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዛሬው ንግግራችን በተራራ መንደር ስለ መኖር ሲሆን፣ ምሳሌ የምናደርገውም ሩቅ አገር ሄደን ሳይሆን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍል የሚገኘውን ቀጨኔን ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንሄድ ቀና ብለን እናየዋለን፤ ታሪኩን ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

በመጀመሪያ የአገራችን ነገሥታት ለምን በተራራ ላይ ይቀመጡ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር የተመሠረተችው በገደል አፋፍ ላይ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የገዙትም ከዚያው ከፍታ ላይ ሆነው ነበር። ተራራ ጠላትን ከሩቅ ያሳያል፤ ለመጠበቅም ይመቻል፤ የቆላ በሽታም አይደርስበትም። ዳግማዊ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መካከል ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ያዛወሩት በዚሁ ልማድ መሠረት ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ነገር ግን ለጦር የሚመች ቦታ ለኑሮ ላይመች ይችላል። በእንጦጦ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፤ በክረምት መብረቅ ይወርዳል። የሠራዊቱ ስንቅ ሁሉ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ዳገቱን መውጣት ነበረበት። በአካባቢው የነበረው የጥድና የወይራ ደንም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። በዚህም ምክንያት እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን አካባቢ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከዚያም በኋላ መኳንንቱና ወታደሩ በየተራ ወደ ሜዳው ወረዱ፤ ተራራውም ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለቀሩት ነዋሪዎች ተተወ።

እንግዲህ ቀጨኔ የሚገኘው በዚህ በላይኛውና በታችኛው ከተማ መካከል ነው። ተራራም አይደለም፤ ሜዳም አይደለም። አገሩ ከዚያ ቀደም የኦሮሞ ሕዝብ መኖሪያ ነበር፤ ጉለሌ የሚለውም ስም በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች የአንዱ ስም ነው። ከተማው ሲመሠረት ደግሞ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆች በዚህ ዳገት ላይ ሰፈሩ። ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ቤተ መንግሥት ያለ እነርሱ አይቆምም፤ ለፈረሱ ልጓም፣ ለወታደሩ ጦር፣ ለግብሩ ጋንና ምጣድ፣ ለመኳንንቱ ሸማ ያስፈልጋልና። በአቅራቢያው ባለው በሽሮ ሜዳ ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ሰፍረው ሥራቸውን አስፋፉ። እነዚህም ከሌላ ተራራ የመጡ የተራራ ሰዎች ስለ ነበሩ ብርዱ እንግዳ አልሆነባቸውም።

በተራራ መንደር የሚኖር ሰው ኑሮ የሚለካው በሦስት ነገር ነው፤ በውሃ፣ በእንጨትና በመንገድ። በመጀመሪያ ስለ ውሃ እንናገር። የከተማው ወንዞች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከእንጦጦ ነው፤ የቀጨኔ ወንዝም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ለአዲስ አበባ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ የተሳበውም ከዚሁ ተራራ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ነው። ያ ቧንቧ የተዘረጋው ግን ወደ ቤተ መንግሥቱ ስለ ነበር፣ በዳገቱ ላይ የሚኖሩት ሴቶች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንስራ አዝለው ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛው እንጨት ነው። ጥዱ ካለቀ በኋላ ከተማው በማገዶ እጦት ሊፈታ ደርሶ ነበር። እንዲያውም ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማውን ያዳነው ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ተቆርጦም እንደ ገና ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የእንጦጦን ተራራ ሸፈነው። ለቀጨኔም ሰው ዛፉ ብዙ ነገር ሆነለት፤ ግንዱ ለቤት ማገር፣ ጭራሮው ለምድጃ፣ ቅጠሉ ለምጣድና ለሸክላ መተኮሻ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከተራራው ወደ ታች የሚያወርደው የሴቶች ጀርባ ነበር። ከቁመታቸው የሚረዝም የቅጠል ሸክም ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ቁልቁለት ለሚወርድ ቀላል ነው፤ ለሚመለስ ግን አድካሚ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ዕቃዋን በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ አዝላ ወይም በአህያ ጭና ወደ ገበያ ትወርዳለች። ገበያው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ በነበረበት ዘመን መንገዱ አጭር ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ ግን ገበያው ወደ ምዕራብ ተወስዶ ዛሬ መርካቶ በምንለው ስፍራ ስለ ተቋቋመ መንገዱ ረዘመ። ጋን ወይም ገንቦ እንደ እህል ወይም እንደ ጨው አይደለም፤ በአንድ መሰናከል የሳምንት ድካም ገል ሆኖ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ሥራውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። የሸክላ ሥራ በአገራችን የሴቶች ሙያ ነው። ጭቃው ከዳገቱ ይቆፈራል፤ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይርሳል፣ ከዚያም እስኪላላ ድረስ ይለወሳል። በሌላ አገር ያሉ ሸክላ ሠሪዎች የሚያዞሩት መንኰራኩር የላቸውም፤ ጋኑም ሆነ ጀበናው በእጅ ብቻ እየተገነባ ይወጣል። ዐይንዋና ጣትዋ መለኪያዋ ናቸው። ዕቃው በጥላ ከደረቀና በድንጋይ ከተወለወለ በኋላ በሜዳ ላይ ተደርድሮ፣ በቅጠል፣ በጭራሮና በኩበት ተሸፍኖ ይተኮሳል። ጥቁር ቀለም እንዲይዝ ሲፈለግ ገና እንደ ጋለ በጭስ ይታፈናል። የዚህ ሥራ ጠላት እርጥበትና ነፋስ ነው፤ ውስጡ ያልደረቀ ዕቃ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ነፋሱ እሳቱን ወደ አንድ ወገን ሲመታውም እንዲሁ ይፈነዳል። ስለዚህ በተራራው ላይ ክረምት ሲገባና ጉሙ ሲወርድ የሸክላ ሠሪዋ ጓዳ ይጎድላል ማለት ነው።

በዚያው ግቢ ውስጥ ባልየው ሸማኔ እንደ ሆነ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ መወርወሪያውንም በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሸማው የሚሠራበትን ፈትል ይፈትሉ የነበሩት በየቤቱ ያሉ ሴቶች ሁሉ ናቸው፤ ወይዘሮይቱም ሆነች ገረዲቱ እንዝርት ማሾር ታውቅ ነበር፤ ጥሩ መፍተልም ለባለሞያ ሴት ክብር ነበር። ፈትሉ ከእንዝርቱ ወደ መወርወሪያው በተሻገረ ጊዜ ግን ክብሩ ወደ ስድብ ይለወጥ ነበር። ያው ጥጥ ነው፤ ያው ልብስ ነው፤ የሚለየው የሠሪው ወገን ብቻ ነው።

ይህ ስድብ ከየት መጣ? በግዕዝ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። በሸማ ጫፍ ላይ የሚሠራውን ጌጥ ጥበብ የምንለውም ከዚሁ ቃል ወስደን ነው። ሆኖም ይኸው ቃል በአማርኛ ጠይብ ሲሆን የመናቂያ ስም ሆነ። ብረት የሚያቀልጠውን፣ ጭቃውን ዕቃ የሚያደርገውን ሰው ሕዝቡ ዕውቀቱን ስለ ፈራ ቡዳ አለው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዐይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ከባለ እጅ ወገን ጋር አይጋባም፤ ከማዕዱም አይቀርብም ነበር።

ነገር ግን ከፍርሃቱ በስተ ኋላ የመሬት ነገር እንዳለ ታሪክ ያሳየናል። በአገራችን ሰው የሚከበረው በርስት ነበር። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በጢሰኝነት ያርሳል፤ አለዚያም በእጁ ሥራ ይኖራል። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ክርስትናን ያልተቀበሉት ቤተ እስራኤል ርስት እንዳይኖራቸው አዘዙ የሚል ወግ በጽሑፍ ቆይቶልናል። ርስት የተነፈገው ወገን ወደ ብረትና ወደ ጭቃ ሥራ ገባ፤ ሥራውም እንደ ገና ርስት ላለማግኘቱ ምክንያት ተደረገ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከተማ ካደረጉ በኋላ ግን በነገሥታቱ ሕንፃዎች ሥራ ላይ ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ካገለገሉት መካከል እነዚሁ ባለ እጆች ይገኙበታል። እንደዚሁም ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያንን ሲያስጨንቁ፣ በአገሩ ብረት የሚያቀልጥ ሰው እየተናቀ ይኖር ነበር። የተናቀ ሙያ እንዴት ያድጋል? ልጅ የአባቱን ሙያ ሊደብቀው ከፈለገ ሊያሻሽለው አይችልም።

ክቡራን አድማጮች፤ በዚህ ነገር ላይ ለመንግሥት ሠራተኞች በተለይ የሚስማማ አንድ ታሪክ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የዛሬው የመሥሪያ ቤት ሥርዓትም ከዚያ ይጀምራል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ብረት ሠሪውና ሸማኔው በሙያቸው ሲሰደቡ መኖራቸውን ይወቅሳል። ከዚህም ጋር በሚጽፍበት ጊዜ ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ የነበረውን ጸሐፊ ይጠቅሳል። እንዲህ ያለ ስድብ የሚሳደብ ሰው ንጉሡን ራሳቸውን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር፣ ዳግመኛ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሠር አዘዘ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በብዕር የሚተዳደረው የመሥሪያ ቤት ሰውና በመዶሻ የሚተዳደረው የቀጨኔ ሰው በአንድ ዐዋጅ፣ በአንድ ረድፍ ቆመው ክብራቸው ተጠብቆላቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን የጸሐፊው ወንበር ከፍ አለ፤ ጠንቋይ የሚለውም ስም ቀረለት። የባለ እጁ ስም ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም።

የሌላው ዓለም ተራሮችም የሚያስተምሩን ነገር አለ። በስዊስ አገር በዩራ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች በረዶ መሬቱን በሚሸፍንበት የክረምት ወራት ሥራ ስለሚፈቱ የሰዓት ክፍሎችን በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ፤ ያ የተራራ ቤት ሥራ የአገሩ ታላቅ ኢንዱስትሪ ለመሆን በቃ። በጃፓን ደግሞ ከቶኪዮ በስተ ሰሜን በምትገኘው በማሺኮ ከተማ ሾጂ ሐማዳ የተባለ ሸክላ ሠሪ ይኖር ነበር። በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መንግሥቱ ሕያው የአገር ቅርስ ብሎ የክብር ስም ሰጠው። የእኛም ጭቃ ከእነርሱ ጭቃ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በዚያ ያለው ሕዝብ በባለ እጁ ሲኮራ፣ በእኛ ዘንድ ዕቃው ተወድዶ ሠሪው መጠላቱ ነው። ጀበናውን በረከቦት ላይ እናስቀምጣለን፤ ጀበናውን የሠራችውን ግን ቡና ጠጪ ብለን አንጠራትም ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው የቆየ ተረትም ይህንኑ ያመለክታል፤ ለሰው ሙሉውን ዕቃ ሰጥታ ለራስዋ ስባሪው ይቀርላት ነበርና።

ዘመን ሲለወጥ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት በዐዋጅ የመንግሥት ንብረት ሲደረግ፣ ባለ ርስትና ርስት የለሽ የሚለው የሕግ ልዩነት ቀረ። በየቀበሌው የእጅ ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጁ። የቀጨኔ ልጆችም በትምህርት ቤት ከሌላው ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጡ፤ ከመካከላቸውም መምህር፣ ሐኪምና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆኑ አሉ። ሆኖም ሕግ በአንድ ቀን የሚሽረውን ነገር ልማድ በብዙ ዓመት አይለቀውም። ዛሬም የእናቱን ሙያ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ፣ የሰፈሩንም ስም ለጓደኛው መናገር የሚከብደው ወጣት አይጠፋም። በጋብቻ ጊዜም የዘር ጥያቄ ከሽማግሌዎች አፍ ገና ፈጽሞ አልወጣም።

ሥራውም ቢሆን ሌላ ችግር ገጥሞታል። የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን ተካ፤ የብረትና የአሉሚኒየም ድስትም የሸክላ ድስትን ገበያ ጠበበው። ከተማው ወደ ተራራው እየወጣ በሄደ መጠን ጭቃ የሚቆፈርበት ቦታ በቤትና በአጥር እየተያዘ ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከሩቅ ለማምጣት ተገድዳለች። በተራራው አናት ላይ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ መናፈሻ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ እንግዳው በመኪና ሽቅብ ይወጣል፤ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ትላንት ለድሃ ማገዶ የነበረ ተራራ ዛሬ ለባለ መኪና መዝናኛ ሲሆን፣ በወገቡ ላይ ያሉት ነዋሪዎች ምን እንደሚያገኙ ማሰብም ከአስተዳዳሪዎች ይጠበቃል።

በሌላ በኩል ሙያው ይሞታል ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። በየቤታችን ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንመልከት። ሽቦው ከውጭ አገር ቢመጣም እንጀራው የሚጋገርበት ሰሌዳ ያው ሸክላ ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ እንደ ነበሩት ሁሉ፣ የኤሌክትሪኩም ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አያወጣም። ስለዚህ በፎቅ ላይ የሚኖረው ሠራተኛ ለምሳ የሚቀርብለት እንጀራ ከሸክላ ሠሪ እጅ ያልተለየ ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር በተራራ መንደር መኖር መከራ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ዳገት ሰውን ያቀራርባል። ጠባብ በሆነ ቦታ ቤት ለቤት ተጎራብቶ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ሳል ያውቃል፤ ሸክላ በሚተኮስበት ቀን አንዲቱ ቅጠል ታቀብላለች፤ ሌላይቱ ነፋሱን ትጠብቃለች፤ ሦስተኛይቱ ልጅ ትይዛለች። ዕቁቡና ዕድሩ ለሌላው ሰፈር ልማድ ሲሆን፣ ከሌላው ማኅበር ለተገለለ ሰው ግን መሸሸጊያ ነበር። ልጅ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ጭቃ እያድቦለቦለ ያድጋል፤ ሙያውንም ሳይነገረው በማየት ይማራል። ከዚህም በላይ ከዳገቱ ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል። የቀጨኔ ሰው የከተማውን ቤት ሁሉ ከላይ ሆኖ ሲመለከት በየቤቱ ውስጥ የእጁ ሥራ እንዳለ ያውቃል። ያ ቤት ግን እርሱን አላወቀውም።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ነገሥታቱ ተራራውን ትተው ሲወርዱ ያልወረዱት ሰዎች ከተማውን ከላይ ሆነው አቁመውታል፤ ውሃው፣ ማገዶው፣ ዕቃው የወረደው ከዚያ ነውና የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ቀጨኔ በግርጌ ማስታወሻ የሚቀር ስም መሆን የለበትም። ሁለተኛው፣ የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ የሚፈጸመው በዳኛ ፊት ብቻ አይደለም። የሰፈር ፈቃድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ የጭቃ መቆፈሪያ ቦታ በሚለይበት ፕላን ላይ፣ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ በሚደረግ ምክር ላይ፣ በትምህርት ቤት የልጅ እናት ሙያ በሚመዘገብበት መዝገብ ላይ ይፈጸማል፤ አለዚያም ይፈርሳል። እነዚህ ሁሉ በእኛ፣ በብዕር በምንተዳደረው ሰዎች እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። የቀጨኔ ሰው ሥራውን ሠርቷል፤ እሾሁን ደግሞ ለብዙ ዘመን ብቻውን አጥሮ ኖሯል። የመጀመሪያው ማድረግ የሚገባን ነገር ቀላል ነው፤ ጠይብ ማለትን ትተን ቃሉን ወደ ቀድሞው ትርጉሙ ወደ ጠቢብ መመለስ፤ ከዚያም ስሙ እንደሚያዘን ባለሙያውን ማክበር ነው።